ጋሽ ታፈሰ ያጠበቁት ዳዶ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቤታችን ጀነሬተር ካንዴላ ልገዛ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ገብቼ... ከጋሽ ታፈሰ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ።

አንድ ዓመት ሙሉ ስሸሻቸው የከረምኩ ሰው ናቸው። ጁባ ደግሞ ሀበሻ ከሀበሻ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። ካቶር ሰፈር ነው የሚኖሩት ሲሉኝ በካቶር ማለፍ ሁሉ ትቼ ነበር። እሳቸው ለካ ገበያው መሀል፣ ላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጠው ጀነሬተር ይጠግናሉ። ሳያቸው ወደ ኋላ ልመለስ ስል በስሜ ጠሩኝ።

ለማታውቋቸው... ጋሽ ታፈሰ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። አዋሽ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩትን ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲጠግኑ ነው የኖሩት። እኔን መፍቻ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ጁባም ያመጡኝ እሳቸው። እዚህ ማሽላውን በሚፈጀው የግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት የምትረጭ አንዲት አውሮፕላን ነበረችን። እሳቸው ዋና መካኒክ፣ እኔ ሁለተኛ፣ አብራሪው ጆሴፍ የሚባል ሳቂታ ኬንያዊ።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው የተሠራውን በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ደብተር ላይ ይፈርማሉ። እኔ ግን እንዴት አድርጌ? ጋሽ ታፈሰ ያጠበቁትን ዳዶ እኔ ልፈትሽ? «አላምንዎትም» ብዬ ፊት ለፊት የተናገርኳቸው ያህል ነበር የሚሰማኝ። ስለዚህ እሳቸው ጨርሰው ዞር ሲሉ ደብተሩን አነሳና እፈርማለሁ። ይኼንን ጨዋነት ነበር የምለው።

አደጋው የደረሰ ቀን ከበርሜል የምንቀዳው ነዳጅ ቆሻሻ ስለነበረው ጋሽ ታፈሰ ፊልትሮውን ፈትተው አጠቡት። ቱቦውን መልሰው ዳዶውን በጣታቸው እያስገቡ ሳለ ጆሴፍ ጎማ ሊያሳያቸው ጠራቸው። ሄዱ፣ ተመለሱ፣ የሞተሩን ክዳን ዘጉ። እኔም ፈረምኩ።

ጆሴፍ ከከተማው ዳር፣ ከሸሪካት ወዲያ ባለ እርሻ ላይ ዝቅ ብሎ ሲረጭ ሞተሩ ጠፋበት። መድኃኒት የሚረጭ ሰው ከማሽላው ጫፍ ብዙም ከፍ አይልም፤ ሞተር ሲጠፋበት የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ጆሴፍን በሕይወት አላገኘነውም።

መርማሪዎቹ ዳዶው በመፍቻ እንዳልጠበቀ፣ እንዳይፈታ የሚታሰርበት ሽቦም እንዳልነበረው አገኙ። በንዝረቱ እየላላ ሄዶ ነዳጁ በውጭ ፈሰሰ፣ ሞተሩ ያለ ነዳጅ ቀረ። ጋሽ ታፈሰ የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። እኔን ግን ማንም አልነካኝም። ለምን እንዳልነኩኝም አልጠየቅኩም... ዝም ብዬ ሌላ ቦታ ሥራ ገባሁ።

ትናንት ነው የገባኝ።

ሣጥን ላይ አስቀምጠው ሻይ አዘዙልኝ። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ ከሳህ አሉኝ። አንዲት የቅያሜ ቃል የለችም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሚጠግኑት ጀነሬተር ባለቤት፣ የጁባ ሰው፣ አጠገባችን ቆሞ «ማሊም፣ ኸላስ?»፣ ጌታው አለቀ ወይ፣ እያለ ያጣድፋቸዋል። ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም። ዓይናቸውን ከእጃቸው ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ካረጋገጥክ በኋላ ዳዶውን መልሼ ስፈታው አይተኸኛል?»

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ፤ ለመርማሪዎቹም ያሉት ይኼንኑ ነበር ለካ። ልጁ ጠብቆ አግኝቶት ነው የፈረመው፣ በኋላ ፈትቼ የረሳሁት እኔ ነኝ ብለዋቸዋል። እኔን ለማዳን ብለው መስሎኝ ነበር... አይደለም። አምነውበት ነው። እኔ ሳላይ እፈርማለሁ ብለው ማሰብ አልቻሉም። ዓመቱን ሙሉ መቼ ነው የፈታሁት፣ ምን ፈልጌ ነው የፈታሁት እያሉ ያልተደረገ ነገር ለማስታወስ ሲታገሉ ከርመዋል።

«አላየሁዎትም» ብል እኮ እውነት ነው። እዚያው ላይ ማብቃት እችል ነበር።

«ጋሼ... አልፈተሽኩትም። ያን ቀን ብቻ አይደለም። ከእርስዎ ኋላ አንድም ቀን ፈትሼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«ነውር መስሎኝ።»

እጃቸው ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጡኝ ተመኘሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«መርሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ቤት ውስጥም አያውቁም። ጁባ ሂድ ሲሉኝ ይኼ ልጅ አብሮኝ ካልሄደ አልሄድም ያልኩት ለዚህ ነበር። ከኋላዬ የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ።»

እኔ ደግሞ ያመጡኝ ስለሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር። ለሰውም እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ፣ ኮርቼበታለሁ። ማልቀስ ፈለግኩ... እሱም አልመጣልኝ አለ።

የጀነሬተሩ ባለቤት እንደገና «ኸላስ?» አላቸው። ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና መፍቻውን ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀብዬ ጎንበስ አልኩ። የነዳጅ ቱቦውን ዳዶ ያዝኩት... መፍቻም አላስፈለገው፣ በጣቴ ዞረ።

«አልጠበቀም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጆሴፍን የሚያተርፈው ይኼው አንድ ቃል ነበር... ከአፌ ለመውጣት ዓመት ፈጀበት።