ትከሻዋ ላይ የቀረ እጅ

አቸቶ ሲሸተኝ አባቴ ይመጣብኛል። ሰላጣ ላይ የሚጨመረውን አቸቶ ማለቴ አይደለም፤ አሮጌ የፎቶ ፊልም ዓመታት ታሽጎ ከርሞ ሲከፈት አፍንጫን የሚሰነፍጥ የአቸቶ ሽታ አለው፣ እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት የአባቴን ኔጋቲቮች የያዘውን የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ስከፍት ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የከፈትኩት አንድ እጅ ፍለጋ ነበር። እጅ ደግሞ ከቆርቆሮ ውስጥ ይፈለጋል ወይ የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከስልክ ነው።

የወንድሜ ልጅ ቢኒያም እዚህ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ፎቶ ማተሚያ ቤት አለው፤ ስልክ ደግሞ ነፍሱ ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን ሁሉ የቴክኖሎጂ ዜና ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔም እሰድበዋለሁ፤ እንዲህ ነው የምንዋደደው። የሚታጠፍ ስልክ ወጣ ሲለኝ፣ ነጠላ ነው እንዴ የሚታጠፈው አልኩት። ርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ሲያሳየኝ፣ ከገበያ ወደ ቤቴ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ አንድ በአንድ ይቆጥርልኛልና አያስፈልገኝም አልኩት። ሰው ሳያውቅ ፎቶ የሚያነሳ መነጽር ሲያሳየኝ ግን አልሳቅሁም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ዓይኑ ላይ አድርጎት ማንን እንደሚፈልግበት ማሰብ የሚችል ሰው አይስቅም። ከዚያ አንድ ቀን ማስታወቂያ አሳየኝ፦ አንዲት ልጅ ባሕር ዳር ቆማ ትስቃለች፣ ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ሳንድዊች ይበላል፤ በጣት ከበብ ሲያደርጉት ሰውዬው ጠፋ። «አየሽ አክስቴ፣ አንድ ሰከንድ!» አለኝ። አየሁ። አባቴ ሰው ያጠፋ ዕለት ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶበት ነበር።

የአባቴ ፎቶ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ አጠገብ የነበረች፣ ወለሏ ሳንቃ የሆነ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ሌሎቹ ፎቶ ቤቶች ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ ሲሰቅሉ አባቴ «ማርቆስ ውስጥ ዘንባባ የት አይታችሁ ነው?» ብሎ በጥቁር መጋረጃው ጸና። በገበያ ቀን ከደብረ ኤልያስ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች መጋረጃው ፊት ሲቆሙ ትንፋሻቸውን ውጠው ስለሚደርቁ «ኧረ ተንፍሱ ጎበዝ፣ ካሜራ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም» ይላቸው ነበር። መስኮቱ ሥር ዘንበል ያለ የመስታወት ጠረጴዛ ነበረው፤ ከሥሩ የተቀመጠች መስታወት የፀሐዩን ብርሃን ወደ ላይ ስትመልስ ኔጋቲቩ ይበራል፣ አባቴም በምላጭ ጫፍና እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ የሰውን ብጉርና ጠባሳ ያስተካክላል። የእኔ ሥራ አለመንቀሳቀስ ነበር። ሳንቃው ስለሚንቀጠቀጥ አንዲት ርምጃዬ የአንዲትን ሙሽራ አፍንጫ ታበላሻለች ተብዬ ስንት ሰዓት እግሬ እስኪደነዝዝ ተቀምጫለሁ። ያን መስኮት፣ ያን ብርሃን፣ አባቴ ሲጨነቅ በአፍንጫው የሚያዜማትን ዜማ እስከ ዛሬ የትም አላገኘኋቸውም።

እታለም ዘውዴ ጎረቤታችን ነበረች። መምህር አያሌውን ስታገባ አባቴ ነው ያነሳቸው፦ እሷና እናቷ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ መምህሩ ጥቁር ኮት ለብሶ ከኋላዋ ቆሟል፣ ቀኝ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጓል። ልጅ ሳለ የገና ጨዋታ ሲጫወት በዱላ የተመታች ትንሽ ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፋ የቀረች ናት፤ ፎቶው ላይም ትታያለች። ፎቶውን በተነሱ በሁለተኛው ወር እናቷ ሞተች፤ ሌላ ፎቶ አልነበራትም።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ስሙን አልጠራውም፣ በዕድሜዬ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወጣትና መምህር ከየቤቱ ተወስዶ የማይመለስበት ዘመን ነው። አያሌው ወደ ገጠር ወደ ዘመዶቹ ሸሸ። ፈላጊዎቹ ከሌላ አውራጃ የመጡ፣ መልኩን የማያውቁ ነበሩና ከየግድግዳውና ከየሳጥኑ ፎቶ ይሰበስቡ ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እታለም ዘውዴ ፎቶውን በነጠላዋ ውስጥ ይዛ መጣች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጋሼ ታምሩ፣ አያሌውን ያጥፉልኝ፤ እናቴን ይተዉልኝ» አለች።

አባቴ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ ቢፍቀው ነጭ ጠባሳ እንደሚቀር፣ ያየ ሁሉ እዚህ ማን ነበር እንደሚል ነገራት። ከኔጋቲቩ ላይ ከተፋቀ ግን የተፋቀው ቦታ ሲታተም ጥቁር ይወጣል፣ ሰውዬው መጋረጃው ውስጥ ይጠፋል። «ግን ዘውዴ፣ ኔጋቲቩን ከነካሁት መመለሻ የለውም» አላት። እሷ ደግሞ ፈገግ አለች፣ እግዜር ያሳያችሁ! «እሱ ራሱ ሲመለስ አዲስ እንነሳለን» አለች።

ፀጉሩና ኮቱ ጥቁር ስለነበሩ ብዙ አላስቸገሩትም፤ ያስቸገረው ፊቱ ነው። ከግንባሩ ጀመረ። የሚፋቀው ነገር እንደ ጥላሸት ብናኝ መስታወቱ ላይ ሲወድቅ አባቴ በቀስታ እፍ ይለዋል፣ እንደገና ይፍቃል፤ ጉንጩ ሄደ፣ ጆሮው ሄደ፣ አፉ ሄደ። ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ ነው ያጠፋቸው፣ ሲያጠፋቸውም የሚያዜማትን ዜማ አቋርጦ ነበር። ጣቶቹ ግን ነጩ ቀሚስ ላይ ስለነበሩ ቢፋቁ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ይወጣል። አራት ጣት ቀረ። እታለም ዘውዴ አይታ «እነሱን ይተዋቸው፤ ጣት አይቶ ሰው የሚለይ ማን አለ» አለች። አዲሱ ሲታተም አሮጌውን አባቴ ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

ፈላጊዎቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። አንደኛው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ የማን እጅ ነው ሲላት የአጎቴ ነው አለች፣ ትተውት ወጡ። እኛ ቤት እንኳ ሰርግ መሰለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አያሌው መንገድ ላይ ተያዘ። ፎቶም አላስፈለጋቸው፤ ከልጅነቱ የሚያውቀው ሰው አብሯቸው ነበርና «አያሌው!» ብሎ ሲጠራው «አቤት» ብሎ ዞረ። ሬሳውም አልተገኘ፣ መቃብሩም አልታወቀ።

ዓመታት አልፈው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ እታለም ዘውዴ እንደገና መጣች። «አሁን ይመልሱልኝ» አለች። አባቴ አልችልም ማለት አቃተው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ፎቶውን ደብዘዝ አድርጎ አትሞ፣ በእርሳስ አንድ ፊት ከትዝታው ሲስል ከረመ። ስታየው ብዙ ቆየች። «ደስ የሚል ሰው ነው፤ የኔ ግን አይደለም» አለችው። አባቴ ይቅርታ ጠይቋት እዚያው ፊቷ ቀደደው። ከዚያ ወዲያ የማንንም ፊት ነክቶ አያውቅም፤ ብጉር ያለባቸው ሙሽሮች ሁሉ ወደ ባለዘንባባዎቹ ሸሹ፣ እኛም ሽሮ በሽሮ ሆንን። ሲሞት ያቺ ምላጭ በወረቀት እንደተጠቀለለች ከመሳቢያው ውስጥ አገኘናት። እታለም ዘውዴም ሌላ ባል አላገባችም፤ ከቤት በወጣች ቁጥር የፎቶውን መስታወት ትከሻዋ ጋ ነካ አድርጋ ነው የምትወጣው።

ዘንድሮ ስኳር ዓይኗን ጨረሰባት። ከፋሲካ በኋላ አስጠራችኝና «ሙሉዬ፣ ይቺን ፎቶ ግድግዳ የምታክል አድርገሽ አሳትሚልኝ፤ ጣቶቹን ሳልጠግባቸው ሊጨልምብኝ ነው» አለችኝ። ወስጄ ለቢኒያም ሰጠሁት። ስለ እጁ ምንም አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በማንም አላላክክም፤ ዓመት ሙሉ ስለ ስልክ ስጨቃጨቅ አንዲት የምትጠቅም ቃል አልወጣኝም።

ቢኒያም ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ፦ የፎቶው ሻጋታ የለም፣ ቀሚሱ ያበራል፣ የእናትየው ሽብሽብ ሁሉ ጠፍቶ የልጇ እኩያ ሆናለች። ትከሻዋ ንጹሕ ነው። «እጁስ?» አልኩት። «የምን እጅ?» አለኝ። ለካ ፎቶው በእርጥበት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ መስታወቱም እያንጸባረቀ አላስነሳ ስላለው ቪዲዮ አይቶ ሊያላቅቀው ሞከረ፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ተልጦ መስታወቱ ላይ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ባዶውን ቦታ ስልኩ ራሱ ሞላው። «አክስቴ፣ እዚያ የቆመ ሰው እኮ የለም፤ እጅ እንደነበረ በምን ይወቅ?» አለኝ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ቆርቆሮውን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ኔጋቲቮቹ ተኮማትረው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የእሷን ለይቼ ላነሳ ስል በእጄ ላይ ተሰባበረ።

አባቴ አያሌውን ሲያጠፋ ማንን እንደሚያጠፋ ያውቅ ነበር። በስሙ ያውቀዋል፣ ሰርጉ ላይ በልቷል፣ ዓይኑ ጋ ሲደርስ ዜማው ጠፍቶበታል። ይሄ ዕቃ ግን ያጠፋውን አያውቅ፣ የተካውን አያውቅ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ አፍ የለው። ይኸው ነው እኔን የሚያናድደኝ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያሉ ሲያሞካሹት የት ላይ እንዳስተዋለ አይታየኝም።

ማልቀሴን ያየው ቢኒያም ደንግጦ የወንድ እጅ ትከሻዋ ላይ አድርግበት ብሎ ለስልኩ ጻፈለት። አሥር ሰከንድ አልፈጀም፣ እጅ መጣ። ጣቶቹን ቆጠርኩ፤ ድሮ ስድስት ይሠራ ነበር አሉ፣ አሁን ተምሯል። ጥፍሩ የተሞረደ፣ ጠመኔ ነክቶ የማያውቅ ያማረ እጅ ነው። ትንሿን ጣት አጣጥፋት አልኩት፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ የአሞራ ጥፍር አደረጋት፤ ተዋት፣ ቀጥ እንዳለች ትቅር አልኩ። አባቴ ቢሆን ባዶ እጁን ሄዶ እውነቱን ይነግራት ነበር። እኔ አሳተምኩት።

አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሳ በመስኮቱ ብርሃን ፈለገችው፤ መዳፏን እያንሸራተተች ትከሻዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። የምታየው ጥላ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

«አለ» አለች። «ትንሿ ጣቱ እንደታጠፈች ናት?»

«አዎ፣ እንደታጠፈች ናት» አልኳት።

የራሷን ትከሻ ያዝ አድርጋ ፈገግ አለች። ያን ዕለት አባቴ ፊት ፈገግ ስትል እንዳየኋት ነው።

«አባትሽን ነፍሱን ይማረው፤ ይቺን እንኳ ተወልኝ» አለች።

አሜን አልኩ።