ኮባ ሳይነጠፍ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከቦኖሻ ወዲያ ቦዮ ሐይቅ ዳር፣ አያቴ ኤርጫፎ ማምሻውን ትንኝ ለማባረር ኩበት ያጨስና እኛን የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ ተረት ያወራልን ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የፍሙ ብርሃን ከዋንዛ ግንድ የጠረባትን ጀልባውን እያቀላት እንሰማው ነበር። ያኔ ከሁሉ የምወደው የጅቡን ተረት ነበር። ጅብ ሆዬ ጀልባ ተውሶ ሐይቁን ይሻገራል፤ ዳር ላይ ሥጋ ሲሸተው ጊዜ ጀልባዋን በድንጋይ ላይ ይጎትታታል። ኋላ አንበሳ ሲመጣበት ዘሎ ይገባባታል፤ መሐል ሐይቅ ላይ ግን የተፋቀ ሆዷ ይሰነጠቅና ይዛው ትሰጥማለች። «እሰይ!» እንላለን። አያቴም «ሆዷን ላልጠበቀላት እሷም አትሆነውም» ይላል።

እሱ ራሱ እርጥብ የእንሰት ኮባ ሳያነጥፍ ጀልባዋን ወደ ዳር ስቦ አያውቅም። ቤተሰቡን ሁሉ የምታበላው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታጣቂዎች አስከትሎ መጣ። ጀልባዋ የማኅበሩ ሆናለች፤ ከውኃው አውጧትና ወደ ጽሕፈት ቤት ጎትቷት አለ።

«ኮባ ሳይነጠፍ ንክች አትደረግም» አለ አያቴ።

«የአድኃሪ ልማድ!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

አያቴ ድንጋዩ ላይ ተዘረረ። «እንግዲያው በእኔ ላይ ጎትቷት!»

ሕዝቡ ቆሞ እያየ ነበርና ሊቀመንበሩ «ያንጥፍ በሉት» አለ። አያቴ አነጠፈ፤ ውኃም ደፋበት። ታጣቂዎቹ ጀልባዋን ስበው ዳገቱ አጋማሽ ላይ እንዳደረሷት ኮባውን ረገጡት። ወይ ጉድ! አንዱ በአንዱ ላይ ተዘረገፉ፤ ጠመንጃቸው ጭቃ ለበሰ። ጀልባዋ ቁልቁል ተንሸራታ ውኃ ገባች። አያቴ ዘሎ ተሳፈረና ደንገሉ ውስጥ እስኪሰወር ቀዘፈ።

እኛን እንዳይነኩብን ብሎ በማግስቱ በእግሩ ተመለሰ፤ አሰሩት። ቢገርፉት ቢገርፉት ጀልባዋ የት እንዳለች አልተናገረም።

ዛሬ የጅቡን ተረት ለልጆቼ ሳወራ «ጅቡ ማን ነው?» ይሉኛል። የሊቀመንበሩን ስም ከነአባቱ እጠራላቸዋለሁ፤ ምን አባቱ! ከሁሉ ግን የማይረሳኝ አያቴ የተፈታ ዕለት ነው። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ ደጃችን ደረሰና ገና አቅፌው ሳልጠግብ «ቢላዋ አምጪ» አለኝ። ወደ ጓሮ ገብቶ ሰፋፊውን ኮባ እየመረጠ ይቆርጥ ጀመር።