በሩዙ መሃል ያገኘናቸው አሳዎች

የመመረቂያ ጥናቷን እንዳማክራት የተመደበችልኝ ተማሪ ከይፋግ አካባቢ የመጣች የቄስ ልጅ ነበረች። ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ የከተማ ልጆች እንግሊዝኛውን ሲያንበለብሉት አንገቷን ትደፋለች። እኔም ከገጠር የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ ዝምታዋን አውቀዋለሁ።

ያን ክረምት ለጥናቷ የአሳ ጫጩት ፍለጋ ርብ ወንዝ ወረድን። ወረታ አልጋ ይዘን በየጠዋቱ እንወጣለን። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ሳምንት ሙሉ መረባችን ከቅጠልና ከደለል በቀር ያወጣው ነገር አልነበረም። በስምንተኛው ቀን መረቡን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣

"መምህር፣ አሳው እዚህ አይደለም" አለችኝ።

"የት ነው ታዲያ?"

"እኛ ማሳ። ክረምት ክረምት ከሩዙ መሃል እናየዋለን።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ ወንዝ ነው ስላሉ።"

አፈርኩ። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ምን ታውቂያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ማሳቸው ስንደርስ አባቷ ለአረም እንዲመች ውሃውን ሊለቁት አካፋ ይዘው ቆመዋል።

"አባቴ፣ እባክዎ ለዛሬ ያቆዩልን" አልኳቸው።

"በፍልሰታ አሳ ልታስይዙኝ ነው?" ብለው ሳቁ። ቢሆንም አካፋውን አስቀመጡ፤ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው የመረቡን አንድ ጫፍ ያዙልን።

ያወጣነውን ነጭ ሳፋ ላይ ስንገለብጠው ውሃው በሕይወት ተርመሰመሰ። ጥፍር የሚያካክሉ የአምባዛ ጫጩቶች ናቸው፤ ጢማቸው ገና ክር ይመስላል። እኔ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። እሷ ግን ወዲያው መቁጠር ጀመረች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ውጧት ከቦታ ቦታ እየሄደች፣ እየቆጠረች፣ እየጻፈች፣ "መምህር፣ ከቦዩ አጠገብ ነው የሚበዙት! ከወንዙ በቦዩ ሳይገቡ አይቀሩም" ትላለች። ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ምሳ መብላታችንን ሁለታችንም ረሳነው።

ጥናቱን ስታቀርብ አባቷ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው መጥተው ነበር። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ተቆራረጠ፤ ስለ ማሳው ማውራት ስትጀምር ግን ቀና አለች። መጨረሻ ላይ አንድ መምህር፣

"ጫጩቶቹ ከወንዝ መግባታቸውን በምን አወቅሽ? እዚያው ማሳ ውስጥ ተፈልፍለው ቢሆንስ?" አሏት።

ልረዳት ከወንበሬ ብድግ ልል ነበር።

"ገና አላወቅኩም" አለች። "ግን ማወቂያውን አግኝቼዋለሁ። ቦዩ አፍ ላይ ሁለት መረብ እተክላለሁ፤ አንዱ የሚገባውን፣ ሌላው የሚወጣውን ይይዝልኛል።"

ጠያቂው ፈገግ ብለው ተቀመጡ። እኔ ያን መልስ አላስጠናኋትም፤ አስቤውም አላውቅ።

ከተመረቀች በኋላ፣ እኔ እንደጀመርኩት ሁሉ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርት ሆና ቀረች። በቀጣዩ ክረምት፣ ከገጠር የመጡ ሁለት የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎችን ይዛ መረቦቹን ተከለች። ኃይለኛ ዝናብ ባደረ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ የልጆቹ ሳቅና የውሃ ድምፅ ይሰማል።

"መምህር፣ ከወንዙ እየገቡ ነው" አለችኝ። "ትልልቆቹም ትንንሾቹም። ቶሎ ይምጡ።"

ጫማ ሳልቀይር ወጣሁ።