ሁለቱ የፀዳለ ደብተሮች

«አቀናጀ» የሚለውን ግሥ ነቀምቴ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በየስብሰባው ስሰማው ደሜ ይፈላል። አንዱ ይነሣና «በቅንጅት እንሠራለን» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ የታሸገ ውኃ ይጠጣል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያደርግ የተናገረ የለም። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፍ የነበረው «ለየብቻ የማይሆኑትን አንድ ሥራ እንዲሠሩ ማገናኘት» እያልኩ ነው። ትርጉሙ ልክ ነው። ሲደረግ ያየሁት ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጎረቤቴ ፀዳለ ሱቅ ነው።

ፀዳለ የጉራጌ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሊነግዱ ነቀምቴ ሲገቡ የእቅፍ ልጅ ነበረች፤ ኦሮምኛውን ከእኔ ከአስተማሪው አሳምራ ትናገራለች። በአርባ የፕላስቲክ ወንበር የጀመረችው የሰርግ ዕቃ ማከራየት ዛሬ ሦስት መቶ ወንበር፣ አንድ ትልቅ ድንኳንና ሰው የሚደበቅባቸው ብረት ድስቶች ሆኗል። ከአኖ እስከ ዲጋ በእሷ ወንበር ያልተቀመጠ ጎልማሳ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሥራዋን የምትመራው በሁለት ደብተር ነው። በሰማያዊው የጿሚዎቹን፣ በቀዩ የፕሮቴስታንቶቹን ሰርግ ትመዘግባለች። ጿሚው ሁዳዴ ከገባ ስለማይድር፣ ሰማያዊው ደብተር በላስቲክ ተጠቅልሎ እስከ ፋሲካ ማግስት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ፕሮቴስታንቱ በጾሙም ስለሚድር ቀዩ አያርፍም። ይህ አሠራር ሃያ ዓመት አላሳፈራትም።

ዘንድሮ አሳፈራት። አቶ ጫንያለው የሚባሉ የዲጋ ገበሬ የልጃቸውን ሰርግ ለጥር ቀጥረው ነበር፤ አኖ ያለችው የሙሽራዪቱ እናት ስትታመም ወደ ቅበላው ቅዳሜ ገፉት። ፀዳለ ሰማያዊው ላይ በትክክል ጻፈችው። ከዚያ ከእንግዲህ ጿሚ አይመጣም ብላ ደብተሩን ያለጊዜው ጠቅልላ ሰቀለችው። በሳምንቱ ሎሚ መጣች። ሎሚ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ባሏ ጉሉማ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጇን ሶረቲን የምትድረው ለዚያው ቅዳሜ ነበር። ፀዳለ ቀዩን ገልጣ ቀኑ ባዶ መሆኑን አየችና እሺ አለች።

ስሕተቱ የታወቀው ሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ጫንያለው ድንኳኑ መቼ እንደሚጫን ሊጠይቁ ሲመጡ ነው። ፀዳለ ከተማውን በስልክ አዳረሰችው፤ የቅበላ ቅዳሜ ስለሆነ ትርፍ ወንበር ያለው አንድም አከራይ አልተገኘም። እኔም ሽማግሌ ነኝና ምክር ለገስኩ፤ የዲጋውን ሰውዬ ሰርዢ፣ ሩቅ ናቸው፣ ሐሜታቸውም ቶሎ አይደርስሽም አልኳት። ገላመጠችኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ሁለቱንም ሱቋ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለቻቸው። ሎሚ ተቆጣች፤ ቁጣዋም ልክ ነበር። የጉሉማ ወንድሞች ያለ እሱ ይህ ቤት ምን እንደሚመስል ሊያዩ ነው የሚመጡት፤ እንግዳዋ ቆሞ ቢበላ እስከ ዕለተ ሞቷ አይረሱላትም። አቶ ጫንያለው ደግ ሰው ናቸውና ወንበሩን እኩል እንካፈል አሉ። ፀዳለ አልተቀበለችም፤ በግማሽ ወንበር ሁለት ቤት ይዋረዳል እንጂ አንዱም አይድንም አለች።

ከዚያ የሳሙና ካርቶን ቀድዳ እስክሪብቶ አነሣችና ሰዓት በሰዓት ትጠይቃቸው ጀመር። ሎሚ የምትድረው ሴት ስለሆነ ምሳ አብልታ ሙሽሮቹን የምትሸኘው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አቶ ጫንያለው የሚድሩት ወንድ ነው፤ ልጃቸው ጠዋት አኖ ሄዶ ሙሽራዪቱን ይዞ ዲጋ የሚገባው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሎሚ ግቢ በማንጎ ዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው፤ የዲጋው ደጅ ግን ጠራራ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ከዓርብ ጀምሮ ዲጋ ይተከል፤ ወንበሩ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሎሚ ግቢ ተነሥቶ በሰፈራችን ሹፌር በዋጋሪ አይሱዙ ዲጋ ይግባ አለች። ካርቶኑ ላይ እያንዳንዱ ሰዓት ከነባለቤቱ ተጻፈ። በዕድሜዬ ሙሉ ከተቀመጥኩበት ስብሰባ ሁሉ ያ ካርቶን ይበልጣል።

ሎሚ አሁንም አላመነችም፤ ማን እንደሚያነሣው፣ ማን እንደሚጭነው ጠየቀች። አቶ ጫንያለው በሰባ ሰባት ከወሎ መጥተው ዲጋ አጠገብ ሲሰፍሩ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብተው፣ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የራሳቸውን መሬት ያርሱ ነበር።

«አዴ ሎሚ፣» አሉ እንደ አገሩ አክብረው፣ «እኛ መቀናጆ ስንገባ በሬውን ብቻውን አንሰድም። ባለቤቱ ተከትሎት ይመጣል። የወንድሞቼን ልጆች ከጠዋት ጀምሬ እልክልዎታለሁ፤ ወንበሩን ደርድረው እዚያው ይውላሉ፣ በሰዓቱም ይጭናሉ።»

ሎሚ ካርቶኑን ደጋግማ አየችና «ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የዲጋ ልጆች እንደተባለው ገና በጠዋቱ ደርሰው ሦስት መቶውን ወንበር ማንጎው ሥር ደረደሩ። እኛ ያላሰብነው የቤተ ክርስቲያኑን ፕሮግራም ነው። ሰባኪው ረዘሙ፤ መዘምራኑ አንድ ተጨማሪ ዝማሬ፣ ቀጥሎም ሌላ አከሉ። ሙሽሮቹ ስድስት ሰዓት ላይ መድረስ ሲገባቸው ስምንት ሊሞላ ሲል መጡ። ሶረቲ ተሸኝታ ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ እንግዳው ግን ገና በልቶ አልጨረሰም። የዋጋሪ አይሱዙ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ፀዳለ ካርቶኗን ይዛ ከማንጎው ሥር ቆማለች። የተቀመጠ እንግዳ ማስነሣት የማይታሰብ ነው፤ ወንበሩ ካልሄደ ደግሞ ዲጋ አንድ ሙሽራ መሬት ትቀመጣለች። አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ አይሱዙውን ስታይ አየኋት።

ሎሚም አየቻት። ሳህኗን አስቀመጠችና ተነሣች። በሰርግ ቀሚሷ፣ የራሷን ወንበር ብድግ አድርጋ፣ በጉሉማ ወንድሞች ፊት አልፋ አይሱዙው ላይ ጫነች። ሎሚም በኦሮምኛ፣ የዲጋ ሙሽራ መንገድ ላይ መሆኗን፣ ይህንኑ ወንበር እሷም እንደምትጠብቅ ነገረቻቸው። መጀመሪያ የተነሣው የጉሉማ ታላቅ ወንድም ነው። የቀረውን ሥጋ በአንድ ጉርሻ ጨርሶ ወንበሩን ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ሦስት መቶ ሰው ወንበሩን ተሸክሞ እየዘመረ ወደ በሩ ሲጎርፍ የዲጋ ልጆች የሚሠሩት አጥተው ቆሙ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንድ ተሸከምኩ።

ዲጋ የደረስነው ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከአኖ የሚመጡት መኪኖች ጡሩምባ ሲሰማ የመጨረሻው ረድፍ ገና እየተዘረጋ ነበር። አቶ ጫንያለው ወንበር ሲቀበሉ ሎሚን ከአይሱዙው ጋቢና ስትወርድ አዩዋት።

«አዴ ሎሚ፣ ቤትዎን በእንግዳ ሞልተው ነው እንዴ የመጡት?»

«እንግዳዬማ ሸኝቶኝ ተመለሰ፤» አለች። «እኔ በሬዬን ተከትዬ ነው የመጣሁት።»

ፀዳለ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አዙራ አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር። ሎሚ አንድ ወንበር ስባ አምጥታ፣ ትከሻዋን ተጭና አስቀመጠቻት፤ እሷም አጠገቧ ቁጭ አለች።