ዕድሜ የሚቀባው ጋሽ ጉም

ጋሽ ጉምን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሱቁ የገባሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም፤ አፈርኩ። "ጉም" ያሉት የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ከሥራ ክፍሉ ሲወጣ ቅንድቡም ጢሙም የቀለም ብናኝ ለብሶ ስለሚታይ ነው። በዚህ ያህል ትውውቅ ስለ ሰው መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እንጃ። ግን በአራተኛው ቀን ያየሁት ነገር ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ድሮ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባ ነበር። አለቃው "አንተ አንድ በር ቀብተህ እስክትጨርስ የመኪናው ሞዴል ያልፍበታል" ብሎ አባረረው። ይህን የነገረኝ ራሱ እየሳቀ ነው። ከዚያ ቲሸርት ላይ ሥዕል ከሚረጭ ሰው ያገለገለ ኤርብራሽ ገዛ። እስክሪብቶ የምታክል መርጫ ናት፤ አየሯን ከኮምፕረሰር በቀጭን ጎማ ትቀበላለች፣ ቀለሙ የሚገባባት ጽዋ ከጣት ጫፍ አትበልጥም።

"ወደ ታች ስጫናት አየር፣ ወደ ኋላ ስስባት ቀለም" አለኝ። "አንድ ወፍራም ከመቀባት ስምንት ስስ ይሻላል። የሚቸኩል ሰው እንጨት ላይ ያለቅሳል።" እውነትም የበዛ ቀለም ሲወርድ እንባ ይመስላል።

የሚቀባው ትናንሽ የእንጨት ሥራዎችን ነው፤ የጌጥ ሣጥን፣ የፎቶ ፍሬም፣ የልጆች መጫወቻ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ ቀለሙን መጀመሪያ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይሞክራል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ አታሳልፈውም።

"ጋሽ ጉም፣ ዛሬ ደግሞ ጥፍርህ ቀይ ሆነ? ኧረ አምሮብሃል!"

"ቅናት ነው። ነይ ያንቺንም ልቀባልሽ።"

ክው ያልኩት ግን ዕድሜ ሲቀባ ሳየው ነው። ጠዋት ከአናጢ የመጣ ነጭ ሣጥን ይዞ ማዕዘኖቹን በስሱ አጠቆረ፤ ክዳኑን የሚከፍት ሰው አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ አሳሳው፤ በላዩ ቫርኒሽ ነፋበት። ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ሦስት ትውልድ የተገለገለበት መሰለ። ዓይኔን አላመንኩም።

በአራተኛው ቀን ታላቅ እህቴን ይዣት ሄድኩ። የእናታችንን የጌጥ ሣጥን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ከአያታችን የወረደ ነው፤ እናታችን ልትሞት ስትል "ላንቺ ነው" ብላ በእጇ ሰጥታታለች። አሁን የታናሽ ወንድማችን ልጅ እሁድ ልታገባ ስለሆነ እህቴ ሣጥኑን ለሙሽራዋ ልታወርሳት ወስናለች። ክዳኑ ላይ አንድ ጭረት ነበረበት፤ የመጣነው እሱን ለማስጠፋት ነው።

ጋሽ ጉም ፎጣውን ሲገልጥ ፊቱ በራ።

"እንዴ! አንቺ ነሽ?" አለ፤ ለሣጥኑ ነው። "የት ጠፍተሽ ነው! ይቺ እኮ የኔ ልጅ ናት!"

እህቴ ሳቀች። "ጋሼ፣ እሷማ የአያቴ ናት። ካንተም ትበልጣለች።"

"ኧረ ተይ እህቴ! የእጄን ሥራ አላጣውም።" በቢላ ጫፍ የውስጡን ከፋይ ጨርቅ ከጥጉ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ሦስት ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ቡናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር። "ሥራ ስጨርስ መርጫዋ ውስጥ የተረፈውን እዚህ እረጫለሁ። ፊርማዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ይሄ ጠርዝ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሮጌውን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እሱን እያየሁ..."

እዚያ ላይ ቆመ። ያለውን ራሱም ሰማው። እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሣ።

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። እኔም ግድግዳውን ተደገፍኩ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናታችን በሕይወት ነበረች። የጌጥ ሣጥኑ የሚቀመጥበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷና አብሯት ይኖር የነበረው ታናሽ ወንድማችን።

"አፌን በቆረጠው!" አለ ጋሽ ጉም። "ሥራዬን ሳይ ደስ ብሎኝ እኮ ነው። ጭረቱን ላጥፋልሽና..."

"አሮጌው የት ሄደ?"

"ሁለቱንም ላመጣው ሰው መለስኩ።"

"ለማን?"

ጥፍሩ ላይ የደረቀውን ቀለም መፋቅ ጀመረ። እህቴ ጠረጴዛውን ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። በዕድሜዬ ድምፅዋ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም።

"ጋሼ፣ በእናትህ። እናቴ ከሆነች እናቴ ናት፣ ቸግሯት ሸጣው ይሆናል፣ እችለዋለሁ። ወንድሜ ከሆነ ግን እሁድ ሠርጉ ላይ እንዴት አቅፌ እስመዋለሁ? ማን ነው ያመጣልህ?"

ጋሽ ጉም እጁን ዘርግቶ ኮምፕረሰሩን አጠፋው።

"እህቴ፣ ይሄን አትጠይቂኝ" አላት።