የዘፋኙ ሰባተኛ ደረጃ

ትሁት ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ በአንድ ሻይ ቤት ትሠራለች። ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ የተቸገሩ ሰዎችን ለማማከር የሚያበቃ ሥልጠና ትከታተላለች።

አንድ ሰኞ አስተማሪዋ ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ የሰው ልጅ ከልደት እስከ እርጅና በስምንት ደረጃዎች እንደሚያልፍ አስረዳች። በየደረጃው አንድ ትግል አለ፤ ሕፃን ዓለምን ማመን ወይም መጠርጠር ይማራል፤ ጎልማሳ ተተኪ ያፈራል ወይም ይደርቃል።

«አንድ ዝነኛ ሰው ምረጡና ሕይወቱን በእነዚህ ደረጃዎች ተንትኑ» አለቻቸው።

ሌሎቹ የኳስ ተጫዋች ሲመርጡ ትሁት «እኔ ዘፋኙን ይታያልን» አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ይታያል የሰሊጥ አጫጆች ዘፋኝ ነበር።

«እሱን እኮ ከመተማ እስከ ከሰላ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው!» አለ አንዱ ተማሪ።

«ታዲያ እኛስ የት ነን?» አለች ትሁት።

ትሁት የሰማችውን ሁሉ ጻፈች። እናቱ በሁለት ዓመቱ ትታው ስለሄደች «ሰው ማመን አልቻለም» አለች። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርግ ላይ ድምፁ ተሰብሮ ሰው ሲስቅበት መዝፈን ማቆሙንም ጨመረች። ሰባተኛው፣ የጎልማሳው ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን የምትጽፈው አጥታ ብዕሯ ቆመ። ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ወደ መፋዛ ተነሣች፤ ዘፋኙ አሁን የሚኖረው እዚያ ነው።

ይታያልን ያገኘችው ከሰሊጥ መጋዘን ደጅ ጆንያ ሲሰፋ ነው። የመጣችበትን ነግራው ወረቀቷን አነበበችለት። የመጀመሪያው መሥመር ላይ አስቆማት።

«ውሸት ነው! አክስቴ አዝላኝ ነበር የምታርመው። አረም ላይ ስትዘፍን ጀርባዋ ላይ ተኝቼ ነው ያደግሁ። ከእኔ በላይ ሰው ያመነ አለ?»

ትሁት መሥመሩን ሠረዘች። እሱም ጆንያውን ጣለ። በስምንት ዓመቱ የፈጠረውን ግጥም፣ የመጀመሪያ ሥራውን፣ የትዳሩን ነገር እየተቻኮለ አወራላት። እጇ እስኪዝል ጻፈች።

«ይኸ ባዶው ምንድን ነው?» አላት።

«ሰባተኛው ነው ጋሼ። ተተኪ ማፍራት ወይም መድረቅ።»

ጆንያውን መልሶ አነሣ። «ደርቋል ብለሽ ጻፊ።»

«አልጽፍም! አንቱ ገና ሃምሳ ዓመትዎ ነው፤ ደረጃው አላለቀም። ረቡዕ ክፍል መጥተው ራስዎ ይንገሩን።»

«ወላሂ አብደሻል» አለና ሳቀ።

ረቡዕ ትሁት ጽሑፏን አጋማሽ ላይ አድርሳ እያነበበች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ይታያል ነጭ ነጠላ ለብሶ ቆሟል! ቀድመው የሳቁት ሁሉ ከወንበራቸው ተነሡ። እሱ በሻከረ ድምፅ ጀመረ፦

አትርገፍ ሰሊጤ ቆየኝ እስክመጣ፣
ማጭዴን ስያለሁ ፀሐይ ሳትወጣ።

ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ትሁት ደነገጠች። እሱ ግን «እናንተ ያዙልኝ!» ብሎ እጁን ወደ ተማሪዎቹ ዘረጋ። ክፍሉ ተቀበለው፤ ጭብጨባው ደጅ የቆሙትን የባለሦስት እግር ረክሻ ነጂዎች ሳይቀር ወደ መስኮቱ ጠራቸው። ለተሥላሴ ጠመኔዋን እንደያዘች እስክስታ ወረደች።

ይታያል ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ገዳሪፍ እየመጣ ወጣቶችን ዘፈን ያስተምራል፤ አሥራ አንድ ሆነዋል። ትሁትም ሥልጠናዋን ጨርሳ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ አማካሪ ሆናለች። አዲስ ሰው ሲመጣላት ከወሬ አትነሣም፤ «እስቲ ከልጅነትዎ ይጀምሩልኝ» ትላለች።