አዊል ያልሰማው ድምፅ

አዊል ከገጠር ወደ ቡራኦ ከተማ በአሮጌ ላንድክሩዘር ሰውና የግመል ወተት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። የመኪና ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን ስለሚለይ ሌሎቹ ሾፌሮች ሁሉ ያማክሩታል።

አንድ ጠዋት ከጎኑ የተቀመጠችው ወተት ነጋዴ ዲቃ፣ "ከሥር ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር አለ፤ አትሰማም እንዴ?" አለችው።

"ጀሪካንሽ ነዋ!"

"የእኔማ ጢም ብሎ ሞልቶ ተቀምጧል። ወላሂ፣ ጆሮህን ሸጠኸዋል!"

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ፤ እነሱም ሰምተውት ኖሯል። አዊል ግን ጆሮውን ቢያቆምም ምንም አልሰማ አለው። ደነገጠ።

መኪናውን አቁሞ እንደገና ሲነሳ ወለሉ ከእግሩ ሥር ዷ ብሎ ሲመታ ተሰማው። ወዲያው ወርዶ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈና ማርሹን ፍሪ አድርጎ ከሥር ገባ። ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያደርሰውን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ሲያወዛውዘው መጋጠሚያው፣ ክሮቸራው፣ ተንቀጫቀጨ። የግራሶ ቅባቱ ደርቆ፣ ብረቱ ተበልቶ፣ ዙሪያው የዛገ ብናኝ ሆኗል።

ዘንጉን ፈትቶ ከዕቃው ጋር ጫነው። ከዚያ የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማዎቹ የሚሰጠውን ማርሽ አስገብቶ በእነሱ ብቻ እየተሳቡ ወተቱ ሳይበላሽ ቡራኦ ደረሱ።

ሰዉ ወርዶ ሲያበቃ፣ "ዲቃ፣ ቀጭን ድምፅ ከራቀኝ ቆይቷል። ለማንም አልተናገርኩም" አላት።

ዲቃም፣ "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የፊት ወንበር የእኔ ነው" አለችው።

ከዚያ ወዲህ አንዳች ነገር በሰማች ቁጥር ትከሻውን መታ ታደርገዋለች፤ እሱም አቁሞ በእጁ ይፈልገዋል።